አድስልኝ ያልኳት ዶቅዶቄ

ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ስህተት ሳርም ነው የኖርኩት። ዲላ ውስጥ የአማርኛ መምህር ነኝ፤ ጡረታ ልወጣ ጥቂት ቀርቶኛል። ከተማችን ደግሞ እንደኔ ላለው ሰው ሥራ አታሳጣም። ጌዴኦው፣ ኦሮሞው፣ ሲዳማው፣ ጉራጌው፣ አማራው ገበያ ላይ የሚግባባው በአማርኛ ነው፤ ሁሉም ግን የየራሱን አማርኛ ይዞ ነው የሚመጣው። ወንዱ ሴት ይሆናል፣ ሴቷ ወንድ ትሆናለች፣ ብዙው አንድ ይሆናል፤ ግብይቱ ግን ያለ አንዳች ስህተት ይፈጸማል። መሃል ገብቼ «መጣች አይባልም፣ መጣ ነው» የምለው እኔ ብቻ ነኝ። ባለቤቴ «አንተ ለቅሶ ቤት ስትሄድም ቀይ እስክሪብቶህን አትረሳም» ትለኛለች። እውነቷን ነው። እናቴ የተቀበረች ዕለት፣ ጸሎት ያደረሱትን ሽማግሌ ሁለት ቦታ ላይ በልቤ አርሜያቸዋለሁ።

ይህን የማወራው ልኩራራ ብዬ አይደለም። በአንዲት ቃል፣ ያውም ከገዛ አፌ በወጣች፣ እንዴት እንደተዋረድኩ ልናገር ብዬ ነው።

ቃሏ የተነገረችው ስለ አባቴ ዶቅዶቄ ነው። ዛሬ ልጆቹ ሁሉንም «ሞተር» ይሉታል፤ በአባቴ ዘመን ግን ስትሄድ ዶቅ ዶቅ ስለምትል ስሟም ዶቅዶቄ ነበር። ትንሽ ናት። ያኔ አረንጓዴ ነበረች፤ በኋላ ምን ቀለም እንደሆነች ለመናገር የምታስቸግር ሆነች። አባቴ የቡና ልማት ሠራተኛ ሆኖ ከሸዋ ሲመጣ መሥሪያ ቤቱ ሰጠው፤ መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ዕቃ ሲያስወግድ ደግሞ ገዝቶ አስቀራት። ሥራው በየቀበሌው እየዞረ ቡና እንዴት እንደሚተከል ገበሬውን ማስተማር ነበር። ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ ቡና ሲተክሉ የኖሩትን የጌዴኦ ገበሬዎች ማለት ነው። በትሕትና ያዳምጡታል፣ ቆጮ አቅርበው ያበሉታል፣ እሱ ሲሄድ እንደለመዱት ይተክላሉ።

እናቴን ያገኛት ኢዲዶ ነው፤ ከይርጋጨፌ ወጣ ብሎ ያለ የቡና አገር። ችግኝ እንዴት እንደሚተከል በተግባር ሲያሳይ ከኋላ አንዲት አጭር ልጅ ሳቀች። «ምን ያስቅሻል?» ቢላት፣ ጉድጓዱን የቆፈረው ዝናብ በመጣ ቁጥር ውሃ የሚተኛበት ቦታ ላይ መሆኑን ነገረችው። ችግኙ እንዳለችው በሰበሰ። አባቴ ሽማግሌ ላከ። ከአባቷ ቤት ወደ ዲላ ያመጣትም በዶቅዶቄዋ ጀርባ አፈናጥጦ ነው።

የቤታችን የሰዋስው ችግር የተፈጠረው ያኔ ነው። አባቴ ሚስቱን በስሟ አይጠራም፤ በእሱ ዘመን ነውር ነበርና «እሷ» ነው የሚላት። ሞተሯንም «እሷ» ይላታል። «እሷ ዛሬ ጤና የላትም» ያለ እንደሆነ ጎረቤት ሊጠይቅ ይመጣል፤ ታማ የምትገኘው ሞተሯ ትሆናለች። «እሷ እኮ እንደ ድሮዋ አይደለችም፣ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራታል» ብሎ እንግዳ ፊት የተናገረ ዕለትማ ቤቱ ሊፈርስ ነበር። እናቴ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ «የቷ እሷ?» ትላለች። ይህቺ ጥያቄ በቤታችን ሳትነሳ የዋለችበት ቀን ትዝ አይለኝም። የአማርኛ መምህር ያደረገችኝም እሷ ሳትሆን አትቀርም። ተውላጠ ስም የሚተካው ስም በግልጽ መታወቅ አለበት እያልኩ ስንቱን ተማሪ ነጥብ ቀንሼበታለሁ።

በሞተሯ የቤንዚን ጋን ላይ፣ በግራ በኩል፣ ጡጫ የምታክል ስርጉድ ነበረች። ያቺን ስርጉድ ያበጀችው እናቴ ናት። ቀኑ የወንድሟ ሠርግ ነው። አባቴ ማልዶ መጥቶ ኢዲዶ ሊወስዳት ቃል ገብቶ እስከ ረፋድ ድረስ ጠፋ። ለብሳ ተኳኩላ በር ላይ ስትጠብቅ ዶቅ ዶቅ የሚል ድምፅ ሰማች፤ ብቅ ብትል አባቴ የመሥሪያ ቤቱን ታይፒስት ከኋላው አስቀምጦ ይመጣል። ከፍስሐ ገነት ከተማ እግረ መንገዱን ያመጣት ሰው ናት፣ ሌላ ምንም ነገር የለውም፤ እሱ እስከ ዛሬ የሚለው እንዲህ ነው። እናቴ ወደ ጓዳ ገባች፤ የብረቱን ዘነዘና ይዛ ወጣች። ታይፒስቷ እስክትወርድ በጨዋ ደንብ ጠበቀች፣ ሰላምታም ሰጠቻት። ከዚያ ጋኑን አንዴ መታችው። ዘነዘናውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች፣ ቀሚሷን ሰበሰበች፣ ከኋላው ተቀመጠችና «እንሂድ፣ ረፍዷል» አለችው። ሠርጉ ላይ ከሁሉ በላይ ሲጨፍሩ የዋሉት እነሱ ነበሩ ይባላል።

አባቴ ስርጉዷን አላስቃናትም። ሲነዳ የግራ ጉልበቱ ልክ እዚያች ላይ ታርፋለች። «ለጉልበቴ ማረፊያ ሠራችልኝ» ይል ነበር፤ እናቴም ይህን ስትሰማ ፊቷን አዙራ ትስቃለች።

ሐኪሞች የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ ዓይኑን እየጋረደው ሲሄድም መንዳቱን አልተወም። «መንገዱን እንደሆነ እሷ ታውቀዋለች» ይላል። «የቷ እሷ?» ትላለች እናቴ። አንድ ቀን መናኸሪያው አጠገብ የቆመ ባጃጅ ውስጥ ከነሞተሩ ሊገባ ምንም አልቀረውም። የዚያኑ ቀን እናቴ ሞተሯን እየገፋች ወስዳ የጓሮው መጋዘን ውስጥ ቆለፈችባት። እዚያ ዓመታት ተቀመጠች። ዶሮዎች መቀመጫዋን ቦጫጭቀው ስፖንጁ ላይ እንቁላል መጣል ጀመሩ። አባቴ ሙሉ በሙሉ ታወረ፤ ቤቱንም ሰዉንም በእጁ እየዳሰሰ ማወቅን ተማረ።

እናቴ ያረፈችው የቡና ለቀማው በተጧጧፈበት ሰሞን ነው። አባቴ በዚያው ሳምንት በሳንባ ምች ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ ለመተንፈስ የሚቸገር ሰው ቀብር አይወሰድም ተባለ። በአባቷ ቦታ እንድትቀበር ተናዛ ስለነበር ኢዲዶ ቀበርናት። ወንድሟ ወዲያው በሲሚንቶ አሠራላት። እኔ ደግሞ መቃብሩ አጠረብኝ፤ ከጎኑ ካሉት ጋር ሲተያይ የልጅ መሰለኝ። ግንበኛውን ተቆጣሁት። «ሙት ዓመቷ ሲደርስ በእብነ በረድ እናሳድሰዋለን» ብዬም ተመለስኩ። ልብ በሉልኝ፤ ቃሏን ያን ጊዜም ተናግሬያታለሁ።

አባቴ ከሆስፒታል ወጣ፤ ግን ከአልጋ ወደ አልጋ ነው የወጣው። ስለ እናቴ ሲያወራ «ነበረች» አይልም። «እሷ ጨው አታበዛም» ይላል ወጡን ቀምሶ፤ «እሷ ይሄን በር ሳትዘጋ አትተኛም» ይላል። ሁሉም በአሁን ጊዜ ነው። ሠላሳ ዓመት ጊዜና ግስ ሳርም የኖርኩት ሰውዬ ያንን ለማረም አፌ አልታዘዘልኝም። አንድ ቀን ግን ደፍሬ «አባባ፣ እማዬ እኮ ሞታለች» ብለው፣ ሳይቆጣ «ሰው ሁሉ እንደዚያ ይላል። እኔ የዳሰስኩት ነገር የለም» አለኝ።

መኪና ተከራይተን ኢዲዶ እንውሰድህ ብንለው እምቢ አለ። ባጃጅ ብንለው ጭራሽ ሳቀብን። «እኔ ወደ አባቷ ቤት በመኪና ሄጄ አላውቅም። ያመጣኋት በእሷ ነው፤ የምሄደውም በእሷ ነው።» ከዚያ ወዲያ በዚህ ጉዳይ ላይ አይነጋገርም። ምግቡን ገፋ ያደርጋል፤ ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳንበት፣ በሳምንቱ ሌላ በሳን። ባለቤቴ «በዚህ አያያዙ ክረምትን አያይም» አለችኝ። የበልጉ ዝናብ ደግሞ ከጀመረ የኢዲዶ መንገድ ጭቃ ነው፤ ሽማግሌ ጭኖ በሞተር የሚሞክረው የለም። ስለዚህ ያለን ጊዜ ሰማዩ እስኪጠቁር ድረስ ብቻ ነበር።

ሞተሯን ከነዶሮ ኩሷ በጋሪ ጭኜ ዋናው መንገድ ዳር ወዳለ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። በሩ ላይ «ማንኛውም ሞተር በጥራት ይታደስል» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። እንደምን አደርክ ሳልለው «ይታደሳል ነው የሚባለው፣ ‹ሳ› ናት» አልኩት። ባለ ጋራዡ የድሮ ተማሪዬ ነው። ዛሬ የልጆች አባት ሆኗል፤ የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን መሪም ነው፣ ብሎን ሲፈታም ሲያስርም ይዘምራል። ቤት ውስጥ ጌዴኦኛ ነው የሚናገረው፤ አማርኛውን ከኔ ነው የተማረው ማለት ያሳፍረኛል።

«ቲቸር! እርስዎ በዚህ ዕድሜ ሞተር ጀመርክ እንዴ?» አለኝ። ነገሩን ነገርኩት፤ ስለ አባቴም፣ ስለ ኢዲዶም። ስለ ስርጉዷ ግን አልነገርኩትም፤ ማን የስርጉድ ታሪክ ለመካኒክ ይናገራል? ሞተሯን ዞሮ ዞሮ አያት፣ ረገጥ ረገጥ አደረጋት፣ ጆሮውን አስጠጋ። «ሞተሩ ታማለች። ግን አልሞተም» አለ።

«ወይ ታሟል በል፣ ወይ ታማለች በል» አልኩት።

«እሺ ቲቸር። ታሟለች።» ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ታዲያ ምን ላድርግላት?» አለ።

ብዙ ቃል ነበረኝ። ጠግንልኝ ማለት እችል ነበር። አስነሳልኝ ብለውም ይበቃ ነበር። እኔ ግን የተከበረውን ቃል መረጥኩ። ቅርስ ይታደሳል፣ ቃል ኪዳን ይታደሳል፤ የአባቴ ሞተር እንደ ተራ ባጃጅ እንድትጠገን አልፈለግሁም። «አድስልኝ» አልኩት።

«አድስልኝ ነው ያሉት?»

«አዎ። አድስልኝ።»

«ሙሉ በሙሉ?»

«ሙሉ በሙሉ» አልኩት፣ በኩራት።

እውነቱን ለመናገር ሞተሯ በአራተኛው ቀን ተነስታለች። ካንዴላዋን ቀየረ፣ የዛገ ነገሯን አጠበ፣ ቤንዚን በውሃ ፕላስቲክ ከመንገድ ዳር ገዝቼ አመጣሁለት፣ ዶቅ አለች። ያኔ ይዣት ብሄድ ይህ ሁሉ ታሪክ ባልኖረ። እሱ ግን «ገና ነው፣ አልታደሰም» አለ፤ እኔም ገና ነው አልኩ። ከዚያ የቀለም ነገር መጣ። አረንጓዴ እንዲሆን ተስማማን፤ የቱ አረንጓዴ እንደሚሆን ግን አልተስማማንም። እሱ የእንሰት ቅጠል ይላል፣ እኔ የቡና ቅጠል እላለሁ። እየቀባ ያሳየኛል፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ እሱ ይፍቃል። ለዓይነ ስውር ሽማግሌ ቀለም ስንመርጥ ሁለት ሳምንት ፈጀን። ባለቤቴ «ለመሆኑ የምትቀቧት ለማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ። አባቴ በየጠዋቱ «እሷ እንዴት ናት?» ይለኛል። «እየተሻላት ነው» እለዋለሁ፤ ከዚያ ወጥቼ ሰማዩን አያለሁ። በደቡብ፣ በጨለለቅቱ በኩል ደመና መቋጠር ጀምሯል።

በመጨረሻ የመጣች ዕለት አባቴን ግቢው ውስጥ አቮካዶው ሥር አግዳሚ ላይ አስቀምጠነዋል። ባለ ጋራዡ ራሱ ነድቶ አመጣት። አዲስ መቀመጫ፣ ሁለት መስታወት፣ ከመሪዋ ጫፍ የሚንጠለጠል ባለቀለም ክር፤ ጥሩንባዋ ሲነካ እንደ ባጃጅ ይዘፍናል። ከረሜላ ነው የምትመስለው። አባቴ ግን ያንን ሁሉ አያይም፤ እሱ የሰማው ከመንገዱ መታጠፊያ ጀምሮ ዶቅ ዶቅ የሚለውን ነው። ያለ ምርኩዝ ተነሳ። ከስንት ጊዜ በኋላ ጥርሱን አየሁት። «እሷ ናት!» አለ። ባለ ጋራዡ ሞተሯን አጠገቡ አቆመለትና በደስታ እጁን አጨብጭቦ ወደ ኋላ ሸሸት አለ።

አባቴ እጁን መሪዋ ላይ አሳረፈ። መስታወቷን ዳሰሰና ግራ ገባው። ወደ ጋኑ ወረደ፣ በግራ በኩል ፈለገ። ወደ ፊት ሄደ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ መዳፉን ዘርግቶ እንደገና አሰሰ። ለስላሳ ነው፣ ሁሉም ቦታ ለስላሳ ነው። ጥርሱ ቀስ እያለ ተመልሶ ተከደነ። ከዚያ እንግዳ እንደሚያስተናግድ ሰው ድምፁን አለስልሶ «ቆንጆ ሞተር ናት። የማን ናት?» አለ።

«ያንተ ናት አባባ! ራሷ ናት፣ ድምጿን ሰማህ አይደል?»

«ድምፅ ይመሳሰላል» አለ። «የእኔዋ እዚህ ጋ ስርጉድ አላት።» ግድግዳውን ተደግፎ ገባ፣ አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ ተኛ። ምሳም አልፈልግም አለ። አባቴን በገዛ እጄ ወደ መቃብር የገፋሁት ያህል ተሰማኝ።

ሰው ሲፈራ ይቆጣል። ባለ ጋራዡ ላይ ዞርኩ። «ስርጉዷን የት አደረስካት?»

«አጠፋሁት፣ ቲቸር!» አለ ፊቱ በርቶ፤ የማመሰግነው መስሎታል። «ጋኑን ከሥር ቀደድኩ፣ ከውስጥ በመዶሻ አቃናሁ፣ መልሼ በየድኩ። ከላይ ስቱኮ ሦስት ጊዜ ቀባሁ። እንደ እንቁላል ለስላሳ ነው።»

«ስቱኮውን ብንፍቀውስ?»

«ከሥሩ ምንም የለም እኮ። ቀጥ ብሏል።»

«ማን አቃናው አለህ? ማን አጥፋው አለህ?» ጮህኩ።

የፊቱ ብርሃን ጠፋ። እጁን ጨርቁ ላይ ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ። «እርስዎ ነሃ፣ ቲቸር። አድስልኝ አሉ። ሙሉ በሙሉ አልክ።» ከዚያ ለብዙ ዓመት የያዘውን ነገር እንደሚያወጣ ሰው ቀስ ብሎ ተናገረ። «ዘጠነኛ ክፍል ፈተና ላይ ‹አደሰ› የሚለውን ቃል ፍቺ ጻፉ ብለው ጠየቁ። እኔ ‹ጠገነ› ብዬ ጻፍኩ። እርስዎ በቀይ ኤክስ አደረግክብኝ። ከጎኑ ‹አዲስ አደረገ› ብለው ጻፍክልኝ። እኔ እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ይኸው፣ አዲስ አደረግኩ።»

ያንን ፈተና አላስታውሰውም፤ ኤክሱ ግን የኔ ለመሆኑ አንድም ጥርጣሬ አልነበረኝም። ልጁ ያኔም መካኒክ ነበር፤ አሮጌ ነገር ምን እንደሚያስፈልገው ያውቅ ነበር። ያላወቅሁት እኔ ነኝ። በዚያ ሁሉ ንግግሩ ውስጥ አንድም ነገር አላረምኩበትም። «ልክ ነህ» አልኩት፤ ከሃያ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

እንዲህ ተፋጥጠን ቆመን ሳለ ባለቤቴ ከጓዳ ወጣች። በእጇ የእናቴን የብረት ዘነዘና ይዛለች። «እንካ» አለችኝ።

ባለ ጋራዡ ገባው። «ቲቸር፣ ቀለሙ ገና በደንብ አልደረቀም…» ብሎ ጀመረና ተወው፤ ዓይኑን ጨፈነ። እኔም በሕይወቴ ዕቃ ሰብሬ የማላውቅ ሰው ዘነዘናውን አንስቼ ጋኑን በግራ በኩል መታሁት። ድምፁ ግቢውን አናወጠው። ዶሮዎቹ ተበተኑ። የቡና ቅጠል አረንጓዴያችን ተልጦ ወደቀ።

ከቤት ውስጥ አልጋው ሲንቋቋ ሰማን። አባቴ በሩ ላይ ብቅ አለ። «ማነው የመታት?» አለ።

«እኔ ነኝ አባባ።»

ግድግዳውን ይዞ መጣ። ማንም አልደገፈውም። እጁ ጋኑን አገኘ፣ ወደ ግራ ሄደ፣ ስርጉዱ ውስጥ ገባ። ጣቶቹ እዚያ ቆዩ። የተላጠውን ቀለም ጠራረገ፣ ዙሪያውን ዳሰሰ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ከፍ ብሏል» አለ። «እናትህ አጭር ነበረች።»

ነበረች አለ። ከቀብሯ ወዲህ ስለ እናቴ በኃላፊ ጊዜ ሲናገር ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። እሱ ራሱም ቃሏን የሰማት መሰለኝ። ባለቤቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ዘነዘናውን እንደያዝኩ ነኝ።

«ምን ትጠብቃለህ? ዝቅ አድርገህ ምታ» አለኝ አባቴ።

ዝቅ አድርጌ መታሁ። ዳሰሰና «እህ» አለ፤ «እዚህ ጋ ነው።» ባለ ጋራዡ በትሕትና ጠጋ ብሎ «አባባ፣ የላይኛዋን ልድፈንሎት?» ብሎ ጠየቀ። «ተዋት» አለ አባቴ፣ ወደ እኔ በአገጩ እያመለከተ። «ያቺ የእሱ ናት።» ምሳውን አስቀርቦ በላ።

በማግስቱ ማለዳ ተነሳን። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ግን አልዘነበም። የምነዳው እኔ ነኝ፤ ልጅ ሳለሁ እሱ አስተምሮኛል። አባቴን በጋቢ ከወገቤ ጋር አሰርነው። ባለ ጋራዡ «እኔ ያደስኩት ሞተር መንገድ ላይ ብትቆም ስሜ ነው የሚጠፋው» ብሎ በራሱ ሞተር ቁልፎቹን ይዞ ተከተለን። ለሦስት ሰው የሚበቃ መዝሙር ነበረው። ወናጎ ላይ ስናልፍ ሰው ቆሞ ተመለከተን፤ አንድ የተማሪ ቡድን «ቲቸር! ቲቸር!» እያለ ጮኸ፤ ከሰኞ ጀምሮ ክፍል ውስጥ ክብር እንደማይኖረኝ ያኔ አወቅሁ። የኔ እግር ከአባቴ ይረዝማል። የግራ ጉልበቴ የት እንዳረፈች ያየሁት ይርጋጨፌ ስንደርስ ነው፤ የላይኛዋ ስርጉድ ውስጥ ገብታለች።

አስፋልቱን ትተን ወደ ኢዲዶ ስንገነጠል አባቴ መንገዱን መምራት ጀመረ። «አሁን ወደ ቀኝ ትዞራለች» ይላል በጆሮዬ፤ ትዞራለች። «ቀጥሎ ድልድይ አለ፣ ቀስ በል» ይላል፤ ድልድዩ አለ። ቡናው አበባ ነበረው፤ ሽታውን ወደ ውስጥ ሲስብ በጀርባዬ ይሰማኛል። እናቴ የሳቀችበት ማሳ ጋ ስንደርስም አቁም አለኝ፤ ትንሽ ቆየና ሂድ አለኝ።

አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ከቤቱ ወጥቶ እጁን ይዞ ወደ መቃብሩ ወሰደው። ከእንሰቱ ጥግ ነው ያለችው። አባቴ ተንበረከከ። መዳፉን ሲሚንቶው ላይ በራስጌ በኩል አስቀመጠ፣ ከዚያ በስንዝር እየለካ ወደ ግርጌ መሄድ ጀመረ። ቶሎ ደረሰ። ያን ጊዜ ኀፍረት ያዘኝ። ሊለኝ ያሰበውን ልቅደም ብዬ «አጥሯል አባባ፣ አውቃለሁ። ግንበኛውን ተናግሬዋለሁ፤ እናሳድሰዋለን» አልኩት።

«ምኑን?» አለኝ።

መልስ ሳይጠብቅ ከግርጌ ወደ ራስጌ ደግሞ ለካ፣ ስንዝር በስንዝር፣ ሳይቸኩል። ራስጌው ላይ ሲደርስ እጁን አላነሳም።

«ልክ ነው» አለ። ቆየት ብሎም፣ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣ «እሷ ናት» አለ።

«የቷ እሷ?» የሚል አልነበረም።